በቀዝቃዛ እጅ ሰው አይነካም

ስሟን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ከሐኪም ቤቱ በር ጠባቂ ጀምሮ እስከ ኃላፊው ድረስ፣ በሽተኛውም አስታማሚውም የሚጠራት «እጀ ሙቅ» እያለ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አንገት፣ ጀርባና ወገብ ስታሽ የኖረች ሴት ናት። ክፍሏ ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የእጅ መታጠቢያና ውሃ ማፍያ። ሌላ የረባ ዕቃ የለበትም።

መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ስልክ ስታወራ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። ባሏ ደግሞ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽሩን ሰክቶ ሲውል የተቀመጠበት ወንበር እንኳ ሲጢጥ አይልም። «እኔና አንቺ የአንድ ሰዓት ቆጣሪዎች ነን» ይላታል። «እኔ አንዴ ስነቃነቅ አንቺ ስልሳ ጊዜ ትዞሪያለሽ።» እሷም ትስቅና መዞሯን ትቀጥላለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ኃላፊው አንድ ቀን ጠዋት አስጠርቶ «ቁጭ ይበሉ» ያላት።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እንዳሉ። ነገሩ ምን መሰለዎት፣ አዲስ ማሽን ሊመጣልን ነው። አራት አልጋ ነው፤ ሲሰኩት ራሱ ይሞቃል፣ ራሱ ያሻል። የምናስቀምጥበት ክፍል ግን የለንም።»

«የእኔን ክፍል ልትወስዱት ነዋ።»

«አላልኩም። ግን እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ይመጣል። የእርስዎ እጅ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ወረቀት የታለ?»

«ሰዎቹን ጠይቃቸው! ከአልጋው ሲነሱ አፍ አላቸው።»

«ጠይቀናል። 'ተሻለኝ' ነው የሚሉት። 'ተሻለኝ' ደግሞ ቁጥር አይደለም።» ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ እሱም ወረቀት ከያዘ አይለቅም። «ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ልጅ ትመጣለች። የሰውነትን ሙቀት የሚያነሳ ካሜራ አላት። ከማሸትዎ በፊትና በኋላ ታነሳለች። ለውጥ ከታየ ክፍሉ ይቆያል። ካልታየ ደግሞ ሜዳ ላይ አንጥልዎትም፤ ካርድ ክፍል አንድ ባዶ ወንበር አለ።»

ወንበር! ቀኑን ሙሉ በጠባብ መስኮት ካርድ ተቀብሎ ካርድ መስጠት። እጀ ሙቅ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። እዚያ ወንበር ላይ ዓመት የምትቆይ አልመሰላትም።

የሚያስፈራት ግን ወንበሩ ብቻ አልነበረም። ማንም የማያውቀው፣ ለባሏ እንኳ ያልተናገረችው ነገር ነበራት። ከሁለት ዓመት ወዲህ እጆቿ ይቀዘቅዛሉ። በቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ተጀመረ፤ ከዚያ የጎኗ ጣት ተከተለች። አንዳንዴ ሁለቱም እንደ ኖራ ነጭ ይሆኑና የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሏታል። «እጀ ሙቅ» እየተባሉ ቀዝቃዛ እጅ ይዞ መዞር ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

መላው ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ሥራውን ያስተማሯት አሮጊት ባለሙያ ገና በመጀመሪያው ቀን ያሏት ነገር «በቀዝቃዛ እጅ ሰው አይነካም» ነበር። ስለዚህ በሽተኛው ልብሱን ሲያወልቅ እሷ እጇን ሞቅ ባለ ውሃ ነክራ፣ አድርቃ ትመጣለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነበር። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ውሃው ሞቅ ያለ መሆኑ ቀርቶ የሚያቃጥል ሆነ። አንዴ መንከርም አልበቃ አለ፤ በየአምስት ደቂቃው «መጣሁ» ብላ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች፤ ቀላ ባለ እጅ ትመለሳለች። በመጨረሻም ሁለቱን መዳፎቿን አሙቃ የሰውየው ትከሻ አጥንቶች ሥር አሳርፋ ሁለት ደቂቃ ትቆያለች። ሰው ሁሉ የሚወድላት ይህቺን ማሳረጊያ ነው።

ልጅቷ መጣች። ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ሁለት ሻንጣ ያንጠለጠለች። እንደገባች ክፍሉን ገለበጠችው፤ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረደች፣ ማራገቢያውን አጠፋች፣ ሙቀት ያንጸባርቃል ብላ መስታወቱን ከግድግዳው አወረደች፣ በቦታው ቴርሞሜትር ሰቀለች። ለበሽተኞቹም ትእዛዝ አወጣች። ከመምጣታቸው ሁለት ሰዓት በፊት ሻይ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ቅባት የለም። ከመጡ በኋላ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን፣ መደገፊያ በሌለው በርጩማ ላይ፣ ምንም ሳይነኩ አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ፤ ቆዳቸው የክፍሉን አየር እስኪለምድ። እጀ ሙቅ ይህን ስትሰማ «ይህስ ቅጣት ነው» አለች በሆዷ።

ከዚያ ልጅቷ ብዕሯን አውጥታ «እትዬ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያደርጉትን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩኝ» አለቻት።

ነገረቻት። በአውራ ጣት የት እንደምትጀምር፣ በመዳፍ የት እንደምትገፋ፣ አከርካሪውን ግራና ቀኝ እንዴት እንደምትወርድ፣ ማሳረጊያውን ሳይቀር። ውሃውን ግን አልነገረቻትም። ዋሸች እንዳትሉብኝ! በዚያ ሰዓት ውሃው ትዝም አላላት። «ደህና አደሩ» ማለቷንም፣ ጫማቸውን ከአልጋው ሥር ማስተካከሏንም አልነገረቻትም። ለእሷ ውሃው ከሥራው አይቆጠርም፤ ወግ ነው። ልጅቷ ደግሞ ካሜራ ፊት ሰው ሰውነቱን ያኮማትራል ብላ፣ እሽቱ ሲጀመር ኮምፒዩተሯን ይዛ ኮሪደር ላይ ትጠብቃለች። ስለዚህ አላየችም።

የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ፍሬን ነበሩ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው አንድ ጊዜ ፍሬኑ የተበጠሰ አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ቁልቁለት አውርደው ሰው ሳይጎዳ ስላቆሙ ነው። «ያን ጊዜ ያቆምኩት አውቶቡስ እስከ ዛሬ ጀርባዬ ላይ ቆሟል» እያሉ ያስቃሉ። ታሽተው ሲያበቁ ልጅቷ ገብታ አነሳች፤ ጮኸችም።

«እትዬ፣ ይምጡ ይዩ! ሁለት ዲግሪ!»

ሰማያዊና አረንጓዴ የነበረው ጀርባ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ከትከሻ አጥንቶቹ ሥር ሁለት መዳፎች ከነጣቶቻቸው እንደ ማኅተም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ኃላፊው እንኳ ወሬውን ሰምቶ ከላይ ወረደ፤ አየና «ይኸው ቁጥር!» አለ። በሚቀጥሉት ቀናት ሌሎች አሥር ሰዎች ተነሱ፤ ሁሉም ያው ናቸው። እጀ ሙቅ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ባገኘችው ሁሉ ላይ ትቀልዳለች፣ ካርድ ክፍሉን ስታልፍ ባዶውን ወንበር ትገላምጠዋለች።

በአሥራ አንደኛው ሰው ቀን ልጅቷ ምስሎቹን ደርድራ፣ ብዕሯን እያኘከች፣ ለራሷ የምታወራ ያህል እንዲህ አለች፤ «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሳነሳው ሙቀቱ ለምን እንዲህ በአንዴ ይወርዳል? ከውስጥ ደም ያመጣው ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እንዲህ ቶሎ የሚጠፋው ከውጭ የተለጠፈ ነገር ነው።»

እጀ ሙቅ ፎጣ እያጠፈች ነበር። ፎጣው ከእጇ ወደቀ። ውሃው! ያ ሁሉ ቢጫ፣ ያ ሁሉ ቀይ፣ የማፍያው ውሃ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን እጅ ጉድ ደግሞ ይህቺ ካሜራ ልታወጣው ነው።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰላሟን አጣች። ድሮም እግሯ አያርፍም፤ አሁን ደግሞ እጇም አላርፍ አለ። ቤቷ ገብታ የተጠረገውን ወለል ጠረገች። ባሏ ማጉያውን ከዓይኑ ሳያወርድ «ምን ሆንሽ አንቺ ሴት?» አላት። የውሃውን ነገር ነገረችው፤ የጣቶቿን ግን ዋጠችው።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም አይነቅዝም።»

«ልጅቷ እኮ ዩኒቨርሲቲዋ ውስጥ ሰው ሰብስባ ጥናቷን ፊታቸው ቆማ ልታነበው ነው!»

«ታንብበዋ።»

«ምኑን? የእኔን የማፍያ ውሃ? እኔ ከወንበር ላመልጥ እሷ በሰው ፊት ትዋረድ?»

ባሏ በመጨረሻ ማጉያውን አወረደና ቀና አለ። «ታዲያ ይህን ያህል ምን ያዞርሻል? ውሃውን ትተሽ በባዶ እጅሽ ሥሪያ። እጅሽ እንደሆነ በተፈጥሮው ሙቅ ነው።»

መጥረጊያውን አነሳችና ወለሉን እንደገና ጠረገችው።

በማግስቱ አሥራ ሁለተኛዋ ሰው፣ አንገቷ አልዞር ያላት ልብስ ሰፊ፣ አልጋው ላይ ተኛች። እጀ ሙቅ ዛሬ ውሃ አልነካም ብላ ወስና ነበር የመጣችው። እጇን ዘረጋች፤ ከሴትየዋ አንገት አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ሁለቱ ጣቶች ነጭ ናቸው። «መጣሁ» አለችና ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። እጇን የሚያቃጥለው ውሃ ውስጥ ስትነክር በራሷ ተናደደች፤ በዚህ ዕድሜዋ ሌባ የሆነች መሰላት። ልጅቷ ገብታ አሥራ ሁለተኛውን ምስል አንስታ ስትጨርስ፣ ልብስ ሰፊዋም ስትወጣ፣ እጀ ሙቅ መጋረጃውን በአንድ እጇ ሳበችው።

«ይኸውልሽ ሙቀትሽ» አለች።

ልጅቷ እንፋሎት የሚያወጣውን ጎድጓዳ ሳህን አየች፣ ማፍያውን አየች፣ የእጀ ሙቅን የቀላ እጅ አየች። ለማስረዳት አንድ ቃል አላስፈለገም።

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ሁሉን ይንገሩኝ ብዬዎት ነበርኮ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ያኔ ትዝ አላለኝም። ሰላም ማለቴንም አልነገርኩሽም። በቀዝቃዛ እጅ ሰው አይነካም፤ በቃ፣ እንዲህ ነው የተማርኩት። ትናንት ግን ገብቶኛል። ዛሬ የነከርኩት እያወቅሁ ነው።»

ብትጮህባት ይሻል ነበር። ልጅቷ ኮምፒዩተሯን ዘግታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ስትመለስ አፍንጫዋ ቀልቷል። የሦስት ሳምንት ሥራዋ ገደል ገብቶ ምን ትበል? «ነገ እንደገና እንጀምራለን» አለች። «ያለ ውሃ። እኔም ክፍሉ ውስጥ እሆናለሁ፤ ካሜራው ሳይጠፋ።» እጀ ሙቅ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች መሰላት።

በማግስቱ የመጡት ጋሽ ፍሬን ናቸው። አሥራ አምስቱን ደቂቃ በርጩማው ላይ ሲያጉረመርሙ ቆይተው ተኙ። ኃላፊው ነገሩን ሰምቶ ኖሮ በሩ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። እጀ ሙቅ ትንፋሿን ሳበችና እጇን አሳረፈች።

«ኧረ ጉድ!» ጋሽ ፍሬን ከአልጋው ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው። «ይህ እጅ ነው በረዶ? እጀ ሙቅ የት ሄደች?»

«ይቅርታ ጋሼ። እጄ እንዲህ ከሆነ ቆይቷል።»

አፏ ይህን ሲናገር ጆሮዋ አላመነም። አዛውንቱ ፊታቸውን መልሰው አልጋው ውስጥ ቀበሩ። «ቀጥዪ» አሉ ቀጥለው። «እኔም ያለ ፍሬን ነድቻለሁ።»

ቀጠለች። ሃያ ደቂቃ። ጣቶቿ ባይሰሟትም መንገዱን ያውቁታል፤ የጠጠረውን ሥፍራ በአውራ ጣቷ ፈለገች፣ ያዘች፣ ጠበቀች፣ ለቀቀች። ስትጨርስ ልጅቷ ምስሉን አየች። ኃላፊው አንገቱን አስግጎ አየ። የበራ ነገር የለም። እንዲያውም መዳፎቿ ያረፉበት ሥፍራ ሁለት ጥቁር ሰማያዊ እጆች ሆነው ቀርተዋል። ጀርባው ከመታሸቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ቀዝቅዟል።

«እንግዲህ…» አለ ኃላፊው።

«ይቆዩ» አለች ልጅቷ። «አሥር ደቂቃ።»

እጀ ሙቅ ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው ትመላለስ ጀመር። «እትዬ፣ ነፋስ እያመጡብኝ ነው፤ ይቁሙልኝ» አለቻት ልጅቷ። ቆመች፤ የጫማዋ ጫፍ ግን ወለሉን መምታቱን አልተወም። ሦስት ደቂቃ ሆነ። አምስት። ሰማያዊዎቹ እጆች ጠርዛቸው ሟሸሸና ጠፉ። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ከቀኝ ትከሻ አጥንት ሥር አረንጓዴው ፈዘዘ፤ ቢጫ ነገር ብቅ አለ፤ ዘይት ጨርቅ ላይ እንደሚሰፋ ሰፋ፤ አንገት ድረስ ወጣ፣ እጇ ጨርሶ ያልነካው ክንድ ድረስ ወረደ። በአሥረኛው ደቂቃ ልጅቷ ቁጥሩን አነበበች፤ ከመታሸቱ በፊት ከነበረው ሰባት አሥረኛ ዲግሪ ጨምሯል። በሃያኛው ደቂቃም እንዳለ ነበር።

«ይህ ከእጅዎ የሄደ አይደለም፤ እጅዎማ ቀዝቃዛ ነው» አለች ልጅቷ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «የራሳቸው ደም ነው የመጣው።»

«ድሮስ የማን ደም ሊመጣ ነው?» አሉ ጋሽ ፍሬን። «በሉ ሸሚዜን ስጡኝ፤ በረደኝ።»

ኃላፊው አገጩን አሸ። «ሁለት ዲግሪ የነበረው ሰባት አሥረኛ ሆነ። ትንሽ አልሆነችም?»

«ትንሽ ናት። ግን አለች።»

«አሥራ አንዱንም እንዲሁ አሳዩኝ። እስከዚያ ማሽኑ ቢመጣም በካርቶኑ ይቆይ» ብሎ ሄደ። ጋሽ ፍሬንም ሸሚዛቸውን ቆልፈው ወጡ።

እጀ ሙቅ አልጋውን ልታነጥፍ ስትል ልጅቷ «እትዬ፣ ይቀመጡ» አለቻት።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ለካሜራው ነው። በርጩማው ላይ፤ እጅዎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው። ምንም አይንኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ።»

ያኔ ገባት። ካሜራው ሃያውን ደቂቃ በሙሉ ሲያይ የዋለው የጋሽ ፍሬንን ጀርባ ብቻ አይደለም። ተቀመጠች። የመጀመሪያው ደቂቃ አንድ ዓመት ሆነባት። እግሯ መወዛወዝ ፈለገ፣ ከለከለችው። ኮሪደር ላይ ሰው አለፈ፤ ላይኛው ፎቅ ወንበር ተጎተተ። ፈራች። በሥራ ስትሸሸው የኖረችው ፍርሃት ሁሉ፣ ቁጭ ስትልለት ጊዜ አገኛት። እነዚህ ጣቶች ባይመለሱስ? ከማሸት ሌላ ምን ታውቃለች? ለባሏስ ምን ብላ ትነግረዋለች?

ልጅቷ ምስሉን ወደ እሷ አዞረችው። ግራ እጇ ጣቶቹ ወደ ጫፍ ደብዝዘዋል። የቀኙ ሦስት ጣት ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ ከመካከለኛው አንጓ በላይ ከጥቁሩ ጠረጴዛ ጋር ተቀላቅለው የሉም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ስትጠይቅ የኖረችው ጥያቄ ነው፤ ለእሷ ቀርቦላት ግን አያውቅም።

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለሳህኑ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ላይ የደም ሥር ሐኪም አለ። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አለች። ካሜራውን አጥፍታ ተነሳችና ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ማፍያው ሲንተከተክ ተሰማ፤ ውሃ ሳህን ውስጥ ተንቆረቆረ። ቆየት ብላ እጇን በፎጣ እያደረቀች ተመለሰችና ሌላውን በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች እጀ ሙቅ።

«በቀዝቃዛ እጅ ሰው አይነካም ብለውኝ የለ?»

ሁለቱን ጣቶች በሁለት እጇ ያዘቻቸው። በዚህ ክፍል ውስጥ ስንትና ስንት ሰው ታሽቷል፤ የእጀ ሙቅን እጅ ግን ይዞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሙቀቱ ሲሰማት እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፣ እጆቿ ተይዘዋል። ልጅቷ አጥብቃ፣ ሥራውን ሳታውቀው፣ ከመዳፍ ወደ ጥፍር ታሽ ጀመር።

«ወደ ላይ ነው እንጂ!» አለች እጀ ሙቅ እያነባች። «ከጫፍ ነው የሚጀመረው። ደግሞ አትቆንጥጪኝ።»

ልጅቷ ከጫፍ ጀመረች። እጀ ሙቅም ከበርጩማው አልተነሳችም።